ከቪትዝ ወደ አይዲ 4፦ ቁልቁለት ላይ ኋላዬ ሊቀድመኝ ነበር

ባለቪትዝ የነበረው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ቤተሰብ። 9 ዓመት ቪትዝ ነድቼ ከ8 ወር በፊት ወደ አይዲ 4 (የቮልስዋገኑ የባትሪ መኪና) ተሻገርኩ። ስለ ቻርጅና ስለ መለዋወጫ እዚህ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጠይቀው ስለ አያያዙ ነው።

ትናንት ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጉራራ በላይ ካለ ሰፈር ቁልቁል እየወረድኩ ነበር። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፣ ጎርፉ ያወረደው ቀይ ጭቃ በስሱ ተቀብቶበታል። ፍጥነቴ 25 ቢሆን ነው። መሃል ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። መሪ አዞርኩ፣ ባጃጅ ከፊቴ ብቅ አለ፣ እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁ። ልብ በሉ፣ ፍሬን አልነካሁም። ወዲያው መቀመጫዬ ሥር የሆነ ነገር ሲላወስ ተሰማኝና የመኪናው ኋላ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የመንሸራተት መቆጣጠሪያ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች፣ ከዚያ መኪናው ራሱን ሰበሰበ። ከአጥሩ ግንብ አንድ ክንድ ቢቀረኝ ነው።

በቪትዝ ያንኑ ቁልቁለት 9 ክረምት ወርጄዋለሁ። ሲያንሸራትተኝ እንኳ ፊቱ ነበር ቀጥ ብሎ የሚሄደው፤ እግሬን ሳነሳ ደግሞ ይመለስልኛል። አሁን ያው እግር ማንሳት ነው ያዞረኝ። ሪር ዊል (በኋላ ጎማ የሚገፋ) ለአዲስ አበባ ክረምት አይሆንም ማለት ነው? ወይስ ችግሩ እኔ ነኝ?

መሪ ጨባጭ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡31

አንተ ነህ ወንድሜ፣ ሌላ ማንም አይደለም። ቪትዝ የቤት ዕቃ ነው፤ እሱን ስትነዳ የኖርክ ሰው ገና መንዳት ልትጀምር ነው። መርሴዲስና ቢኤምደብሊው ትልልቆቹን መኪናዎቻቸውን በኋላ እንዲገፉ አድርገው የሠሩት ሞኝ ሆነው ይመስልሃል? ኋላው ሲወጣብህ መሪውን እሱ ወደሄደበት አዙረህ ትንሽ ጋዝ ትሰጠዋለህ፣ አለቀ።

የሰሚቷ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

አጥሩ አንድ ክንድ ቀርቶት፣ ፊት ለፊቱ ባጃጅ እያለ "ትንሽ ጋዝ ትሰጠዋለህ፣ አለቀ"? ለባጃጁ ልጅም አስቀድመህ ንገረው እንጂ።

ጋሽ ክሮቼራ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

ልጄ፣ እንኳን ተረፍክ። ጋራዥ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ዘይት ለብሼ የኖርኩ ሰው ነኝና ትንሽ ላስረዝም፣ ታገሡኝ።

ጎማ ያለው አንድ እንጀራ ነው። መጎተትም፣ ማቆምም፣ ማጠፍም ከዚያችው አንዲት እንጀራ ነው የሚቆርሱት። ቪትዝህ ላይ የፊት ሁለቱ ጎማዎች ይጎትታሉ፣ ይታጠፋሉ፣ አብዛኛውንም ፍሬን ይይዛሉ፣ በዚያ ላይ ሞተሩንና ካንቢዮውን ተሸክመዋል። ኋላዎቹ እንግዶች ናቸው፣ ተከትለው ይሄዳሉ። ስለዚህ እንጀራው ሲያልቅ ቀድሞ የሚያልቀው ፊት ነው፤ መሪ ታዞራለህ፣ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያኔ ሰው ሁሉ ሲደነግጥ እግሩን ያነሳል። ስታነሳ ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፣ የፊት ጎማዎች ይጫናሉ፣ መያዝ ይጀምራሉ። ማለትም ድንጋጤህ ራሱ መድኃኒት ነበር ማለት ነው። ፋብሪካዎቹ ፍሮንት ዊልን የወደዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሌላው ደግሞ ርካሽነቱና ቦታ ማትረፉ ነው፤ ሞተሩ ወደ ጎን ይተኛል፣ ረጅሙ ብረትና የኋላው ዲፈረንሻል ይቀራሉ።

በኋላ በሚገፋው ላይ ሥራው ይከፈላል። ፊቶቹ ያጥፋሉ፣ ኋላዎቹ ይገፋሉ። መሪው ንጹህ ነው፣ ምንም አይጎትትህም። ላዳ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ኋላ ላይ ከመጠን በላይ ከጠየቅህ ይወጣል።

ወዳንተ ስመጣ፦ ባትሪ መኪና ላይ እግር ማንሳት ዝም ብሎ እግር ማንሳት አይደለም። ሞተሩ ተገልብጦ ኤሌክትሪክ አመንጪ ይሆንና ጎማውን ይይዘዋል። ያንተ ሞተር ደግሞ ያለው ኋላ ነው። በላዳ ቁልቁለት ላይ ከ3ኛ ወደ 1ኛ ማርሽ ቀንሰህ፣ ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቀቅከው እንበል፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ፣ ኩርባ ውስጥ። ኋላ ጎማዎቹ ብቻቸውን ተያዙ። ትናንት ያደረግከው ይህንኑ ነው።

ሁለት ነገር ንገረኝ፦ ዲ ላይ ነበርክ ወይስ ቢ ላይ (እግር ስታነሳ ሞተሩ አጥብቆ የሚይዝበት ማርሽ)? ሁለተኛ፣ ጎማህን አይተኸዋል?

ባለቪትዝ የነበረው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡22

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቢ ላይ ነበርኩ። ሁሌም ቢ ላይ ነው የምነዳው፣ ባትሪ ይቆጥባል ብለውኝ። ጎማውን ነገ በብርሃን አየዋለሁ፤ ደህና ነው ብዬ አስባለሁ፣ የዛሬ 6 ወር ነው ሁለቱን የቀየርኩት።

ጋሽ ክሮቼራ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡26

የትኞቹን ሁለት?

የሰሚቷ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡50

እሱ እስኪመልስ እኔ በተቃራኒው በኩል ያለሁ ሰው ልናገር። ዶልፊን ነው የምነዳው (የቢዋይዲውን ማለቴ ነው፣ ሚኒባሱን አይደለም)። በፊት ነው የሚጎትተው። ቁልቁለት ላይ ያንተ ዓይነት ነገር ገጥሞኝ አያውቅም፤ እግሬን ሳነሳ የሚያዘው ፊት ስለሆነ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ይወርዳል። መከራዬ ዳገት ላይ ነው። ዝናብ የነካው አስፋልት ላይ፣ ዳገት ተነሥቼ ወደ ግራ ወደ ዋናው መንገድ ልግባ ስል ፊት ጎማዎቹ ይጮኻሉ፣ መሪው እጄ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ መኪናው ግን የትም አይሄድም። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ክላክሱን ይዞታል። በድሮው ያሪሴ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም፣ ያውም ያሪስም በፊት ነው የሚጎትተው።

የሒሳብ አስተማሪው | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡15

እህቴ፣ ያሪስሽ ያላስቸገረሽ ጨዋ ስለሆነ አይደለም፣ ጉልበት ስለሌለው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር እዚህ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የባትሪ መኪና ግን አየር አይተነፍስም፤ ሼንዘን ላይ ያለው ጉልበት እንጦጦም ላይ አለ፣ ያውም ገና ፔዳሉን ስትነኪው። በነዳጁ መኪና ዘመን "የትኛው ጎማ ይነዳል" የሚለውን ጥያቄ ረስተነው የኖርነው ጎማውን የሚያሸንፍ ጉልበት ስላልነበረን ነው።

ስለ ዳገቱ ደግሞ እስኪ በግምት እናስላ። ቪትዝ ውሰዱ፣ 1,000 ኪሎ፣ 600ው ፊት ላይ። ሁለት ሰው ፊት፣ ሦስት ሰው ኋላ፣ ፖርታ ባጋሊው ውስጥ አንድ ኩንታል ጤፍ። ድምሩ 1,440 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ጤፉ ከኋላ ጎማው ወዲያ ስለተቀመጠ እንደ ሚዛን ፊቱን ያነሳዋል፤ ፊት ላይ የሚቀረው 690 ያህል ነው። አሁን በ100 ሜትር 15 ሜትር የሚወጣ ዳገት ጀምሩ፣ ሌላ 50 ኪሎ ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፊት ላይ 640 ቀረ። መኪናውን ዳገቱ ላይ ለመያዝ ብቻ የ216 ኪሎ ግፊት ያስፈልጋል። የፊት ጎማዎቹ የተሸከሙትን ሲሶ በመያዝ መመለስ አለባቸው ማለት ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ምንም አይደለም። ጭቃ የተቀባ ድንጋይ ላይ ግን መያዙ ወደ 30 በመቶ ቢወርድ አይገርምም፣ ያኔ ጎማው እዚያው ይሽከረከራል። ያው መኪና፣ ያው ጭነት በኋላ የሚገፋ ቢሆን ኖሮ 27 በመቶ ይበቃው ነበር። ባዶውን፣ ሹፌር ብቻ ይዞ፣ በፊት የሚጎትተውም 27 ይበቃዋል።

ስለዚህ ጭነህ ከምትወጣ ሪር ዊል፣ ባዶህን ከሆንክ ግን እንዲህ ባለው መኪና በፊት የሚጎትተው ይሻላል።

ጋሽ ክሮቼራ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡40

አስተማሪው ቁጥሩን አመጣልኝ፣ እኔ የማውቀውን ልጨምር። በፊት የሚጎትት መኪና ጭቃ ዳገት እንቢ ካለህ አዙረውና በኋላ ማርሽ ውጣ። ያኔ የሚነዱት ጎማዎች ከታች ይሆናሉ፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ እነሱ ይመጣል። አንድ ነሐሴ ሰፈራችን ውስጥ ስታርሌት ይዤ ለቅሶ ቤት ስሄድ እንዲህ አድርጌ ወጣሁ። ድንኳኑ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች "ሰውየው ሊመለስ ነው ወይስ ሊመጣ?" ሲባባሉ በመስኮት እሰማቸዋለሁ።

ሌላው፣ ይኼ ነገር አዲስ አይደለም፤ ቮልስን ያየ ያውቀዋል። ሞተሩ ኋላ፣ የሚገፋውም ኋላ። ዳገት ላይ እንደ ፍየል ነው የሚወጣው። ቁልቁለት ላይ፣ ኩርባ ውስጥ ገብተህ እግርህን በድንገት ካነሳህ ግን ኋላው ቀድሞህ ይደርሳል። ፋብሪካው በ1974 (በፈረንጆቹ) ጎልፍን ሲያወጣ ሞተሩን ፊት አመጣው፣ መጎተቱንም ወደ ፊት። ቶዮታም ኮሮላን በ1983 ገለበጠው፤ ከዲኤክስ በኋላ የመጣው ኮሮላ በፊት የሚጎትተው ነው። እኛ ሰፈር ላዳና ዲኤክስ እየሳሱ ሲሄዱ ሪር ዊል ለሚኒባስና ለአይሱዙ ቀረ። አሁን በ2016 (በኛ አቆጣጠር) የነዳጅ መኪና ማስገባት ሲከለከል ተመልሶ መጣ፣ ያውም ኤሌክትሪክ ለብሶ። ቪትዝ ላይ ያደገ ሹፌር ትውልድ ነው የተቀበለው።

አባዱላ ሹፌር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15

ጋሼ እውነት ነው ያሉት። እኔ የደብረ ሲና መስመር ሠርቻለሁ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድና አስፋልቱ ሲረጥብ፣ ሰው ሞልቼ ስሄድ መኪናው መሬት ይቆነጥጣል። ባዶዬን ስመለስ ነው የምፈራው። ሞተሩ ከኔ መቀመጫ ሥር ነው ያለው፣ ኋላ ምንም የለም፣ የሚገፋው ግን ኋላ ነው። ረዳቴን "ኋላ ወንበር ሂድና ተኛ" የምለው ለእንቅልፉ አዝኜ አይደለም።

መሪ ጨባጭ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

አያችሁ፣ ሁላችሁም ዞራችሁ ሪር ዊል ይሻላል ነው የምትሉት። ዳገት ላይ ይሻላል፣ ጭነት ላይ ይሻላል፣ መሪው ንጹህ ነው። እኔስ ምን አልኩ?

የሰሚቷ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡34

አንተ ያልከው "ቪትዝ የቤት ዕቃ ነው" ነው።

ቨርጂኒያ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡50

ከዲሲ ማዶ ሰላም እላለሁ። ታክሲ የነዳነው ልጆች ይኼን ክርክር በበረዶ ተከራክረነዋል። እኔ ክራውን ቪክቶሪያ ነበረኝ፣ በኋላ የሚገፋ፣ እንደ መርከብ ረጅም። በፈረንጆቹ 2010 ፌብሩዋሪ ያ ትልቁ በረዶ የወረደ ጊዜ ትራንኩ ውስጥ አራት ከረጢት አሸዋ ከትቼ ነበር የምሠራው። አሸዋው ሁለት ሥራ ነበረው፤ ኋላውን ይጫንልኛል፣ ከተቀረቀርኩ ደግሞ ቀድጄ ጎማው ሥር እበትነዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ስነሳ ኋላው እንደ ዓሣ ጭራ ይወዛወዝ ነበር።

በኋላ ካምሪ ገዛሁ፣ በፊት የሚጎትት። መነሣት ቀለለኝ። ችግሩ መነሣት ስለቀለለኝ ፍጥነቴን ረሳሁት። አንድ ሌሊት የሀይዌይ መውጫ ላይ መሪውን ሙሉ አዙሬ መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ በረዶ ክምር ገባ። ምንም አልሆንኩም፣ ግን እንደ ማንኪያ ጭልፍ አድርጎ ነው የተሰካው። ክራውን ቪክቶሪያው ገና ስነሳ ያስፈራራኝ ነበር፤ ካምሪው እስከ መታጠፊያው ድረስ ምንም አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ የክረምት ጎማ አራቱንም አስገባሁ፣ ልዩነቱ ፍሮንትና ሪር ካለው ልዩነት ይበልጥ ነበር። ለማቆም እኮ ሁሉም መኪና ያው አራት ጎማ ነው ያለው።

ባለቪትዝ የነበረው | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ይቅርታ ዘገየሁ። ጋሼ፣ የትኞቹን ሁለት ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የፊቶቹን ነው የቀየርኩት።

መኪናውን የገዛሁት ያገለገለ ነው፣ ከቻይና። በሁለተኛው ወር ጉድጓድ ገባሁና የፊት ቀኙ ጎኑ ተቀደደ። ጎሚስታ ቤት ስሄድ "ጥንድ ጥንድ ነው የሚቀየረው" አሉኝ፣ ሁለቱንም ፊት ቀየርኩ። በቪትዝ 9 ዓመት ሙሉ የሚያልቅብኝ ፊት ብቻ ስለነበር ኋላውን ዞሬ እንኳ አላየሁትም።

ዛሬ ጠዋት የልጄን ማስመሪያ ይዤ ወጣሁ። ፊቱ 7 ሚሊሜትር። ኋላው ግራ 2 ሚሊሜትር፣ ቀኙ ደግሞ በውስጥ በኩል ከዚያም ያነሰ፤ እጄን ሰድጄ ስዳስሰው እንደ ሰሌዳ ለስልሷል። አጎንብሰው ካላዩት አይታይም። ማስመሪያው አሁንም ዳሽቦርዱ ላይ ነው፣ ልጄ ትምህርት ቤት ሄዶ ሳይፈልገው አልቀረም።

ጋሽ ክሮቼራ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡41

በል ተገኘ። በኋላ የሚገፋ ከባድ መኪና የሚበላው ኋላውን ነው። ያንተው ደግሞ 2 ቶን የሚያልፍ ነው፣ ሲገፋም ሲይዝም በዚያው በኋላ ጎማ ነው። አንተ ግን የፊቱን አዲስ አድርገህ ኋላውን መላጣ ተውከው። ፊቱ በደንብ ይታጠፍልሃል፣ ኋላው አይከተልም። ከዚህ የበለጠ መኪና የሚያዞር ነገር ብትፈልግም አታገኝም። ቢጫዋ መብራት ባትኖር ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ አጥሩ ነበር።

መሪ ጨባጭ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ለአይዲ 4 ይሁን። በፊት ለሚጎትት መኪና ግን አዲሱ ጎማ ፊት ነው የሚገባው፣ ይኼን ሁሉም ጎሚስታ ያውቃል። የሚጎትተውና የሚታጠፈው እሱ አይደል?

ጋሽ ክሮቼራ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡18

ሁሉም ጎሚስታ ያውቃል፣ ሁሉም ጎሚስታ ተሳስቷል። እኔም ስንት ዓመት ተሳስቼ ሠርቻለሁ። ሁለት ብቻ የምትቀይር ከሆነ ለቪትዝም ቢሆን የተሻለው ጎማ ኋላ ነው የሚገባው፤ ጎማ ሠሪዎቹ ራሳቸው እነ ሚሽሊን የሚመክሩት ይኸንኑ ነው። የፊቱ ሲያንሸራትት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ይሰማሃል፣ ፍጥነት ትቀንሳለህ። የኋላው ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ግን ምንም ምልክት አይሰጥህም፤ ስታውቅ ወደ መጣህበት ዞረሃል። በፊት የሚጎትት መኪና ኋላው ቀላል ስለሆነ አይዞርም ያለህ ሰው ዝናብ ላይ በ80 ሲነዳ ኩርባ ውስጥ እግሩን አንሥቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፣ ባለ አይዲው። ከአይዲ 4 ውስጥ የኋላ ጎማው ከፊቱ የሚሰፋ አለ፣ ፊት 235፣ ኋላ 255። ያንተ እንደዚያ ከሆነ የፊቱን አዲስ ወደ ኋላ ማዟዟር አትችልም። ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብበህ ሂድ። "ያው ነው፣ ይገባል" የሚል ሰው ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀበለውና ውጣ።

ባለቪትዝ የነበረው | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡25

255 ነው የሚለው። ዋጋውን አትጠይቁኝ።

የሰሚቷ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡31

እኔ ራሴ አሁን ወጥቼ የኔን አየሁ። ፊቱ ነው ያለቀው፣ እንደተባለው። ጉድ ነው፣ ዳገት ላይ የሚጮኸው ለካ ጉልበቱ ብቻ አይደለም።

ባለቪትዝ የነበረው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

እንደ ቃሌ ተመልሻለሁ። ሁለቱንም ኋላ ቀየርኩ። ትናንት ማታ ዘነበ፣ ያችን ቁልቁለት ሆን ብዬ ሄድኩባት፣ ሰው በሌለበት ሰዓት።

መጀመሪያ ዲ ላይ አድርጌ ወረድኩ። እግሬን ሳነሳ መኪናው ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ ፍሬን በእግሬ ቀስ እያልኩ ያዝኩት፤ ቀጥ ብሎ ወረደ። ዞሬ ወጣሁና (ዳገቱን ያለ ምንም ጩኸት ነው የወጣው፣ መሪ ጨባጭ ደስ ይበልህ) ሁለተኛ ቢ ላይ ወረድኩ። ያችው መታጠፊያ ላይ በ15 ፍጥነት እግሬን አነሳሁ። ትንሽ መያዙ ይሰማል፣ ኋላው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ መብራቷም አልበራችም። ሦስተኛ ጊዜ በ25 ልሞክር አልኩና ባለቤቴ ደወለች።

ጋሽ ክሮቼራ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡19

ባለቤትህ ከኔ ትሻላለች። ቢን ለደረቅ ቀን አድርገው። ለመሆኑ አየር ስንት ሞሉልህ?

ባለቪትዝ የነበረው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡22

እኔ እንጃ። ልጁ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ "በቂ ነው" አለኝ።

ጋሽ ክሮቼራ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡23

በል ነገ ጠዋት የሹፌሩን በር ክፈትና የተለጠፈውን ወረቀት አንብበህ ጻፍልኝ። የፊቱንም የኋላውንም።